ከተለያዩ ቴሌስኮፖች የተለካ የአስትሮይድ ድምቀት አይታመንም ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው የከረመ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ስለ አስትሮይዶች፣ ማለትም ፀሐይን ስለሚዞሩ ድንጋያማ አካላት ነው። የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ ይህን ይመስላል። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ከተለያዩ ቴሌስኮፖች የተገኙ የድምቀት ልኬቶችን አንድ ላይ ይቀይጣሉ። ካሜራው ይለያያል፣ ፊልተሩ (የብርሃኑን ቀለም የሚመርጠው መስታወት) ይለያያል፣ ሰማዩም ይለያያል፤ ስለዚህ ከዚያ ቅይጥ የሚወጣው የአስትሮይድ መጠን፣ ቅርጽና የመሽከርከሪያ ጊዜ ሁሉ ግምት ነው። አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይበቃል፣ የትንንሾቹ ልኬት ያበላሻል እንጂ አይጠቅምም ይላሉ። የቅርጽ ሞዴሎችን የኮምፒውተር ፈጠራ ይሏቸዋል። መንኮራኩር አስትሮይድ ላይ ያጋጨው የናሳው ዳርት ተልዕኮና በ2025 መጀመሪያ ብዙ ሰው ያስደነገጠው 2024 ዋይአር4 የተባለችው አስትሮይድ ጉዳይ በማስረጃነት ቀርበዋል። በመጨረሻም ይህ ነገር እኛን አይመለከትም ብለው ይደመድማሉ።

ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ ልክ ናቸው፤ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ። የቀረው ግን ስህተት ነው። በአማርኛ ስለ ሰማይ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ያችኑ ጥቂት የሚያነብ ሰው በተሳሳተ መረጃ ተስፋ ሲቆርጥ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹም ወራቱም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«የተለያየ ካሜራ የለካው አንድ ላይ አይሄድም»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆየት ልበል።

አስትሮይዶች፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ በትልቅ ቴሌስኮፕም ቢታዩ የብርሃን ነጥብ ብቻ ናቸው። የራሳቸው ብርሃን የላቸውም፤ የፀሐይን ያንጸባርቃሉ። ድንጋዩ ሞላላ ከሆነ፣ እየተሽከረከረ ሰፊ ጎኑን ሲያሳየን ነጥቧ ትደምቃለች፣ ጠባብ ጎኑን ሲያሳየን ትደበዝዛለች። ሥራው ይህን በየጥቂት ደቂቃው እየለኩ በግራፍ ማስቀመጥ ነው። ኦስትሪያዊው ኤጎን ፎን ኦፖልዘር በ1901 የኤሮስ ድምቀት ከፍ ዝቅ እንደሚል አስተዋለ፤ መሠረታዊው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። ኤሮስ በ5 ሰዓት ከ16 ደቂቃ አንዴ ይዞራል። ይህ የታወቀው ኒር ሹሜከር የተባለችው መንኮራኩር በ2000 እዚያ ከመድረሷ ብዙ አሥርት ዓመታት ቀድሞ ነው፤ እሷም ደርሳ ያንኑ አገኘች።

አሁን አንድ ቴሌስኮፕ የነጥቧን ድምቀት 15.20 ማግኒቲዩድ ብሎ ለካ እንበል (ማግኒቲዩድ የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ ይበልጣል)፤ ሌላው በዚያው ቅጽበት 15.35 አለ። ጸሐፊው ይህን አይተው «አይስማሙም» ይላሉ። ግን ያቺ የ0.15 ልዩነት ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ናት። ሁለቱ ግራፎች እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ፤ አንዱ ከሌላው ትንሽ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ እንጂ። የግድግዳ ሰዓታችሁ አምስት ደቂቃ ቢቀድም፣ ዳቦው ምድጃ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ለማወቅ አያስቸግራችሁም። ለመሽከርከሪያ ጊዜና ለቅርጽ የሚፈለገው ከፍታና ዝቅታው ነው። ስለዚህ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ለእያንዳንዱ ቴሌስኮፕ፣ እንዲያውም ለእያንዳንዱ ሌሊት፣ አንድ ነፃ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ሒሳቡ ግራፎቹን ወደ ላይና ወደ ታች እያንሸራተተ ያገጣጥማቸዋል። ዘርፉን የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ነው።

ትክክለኛው ድምቀት ራሱ ሲፈለግስ? ለምሳሌ መጠኑን ለመገመት? ያኔ ነገሩ ይከብዳል፤ ግን መላ አለው። አንድ ፎቶ አስቡ። መሃሉ ላይ አስትሮይዷ አለች፣ ዙሪያዋን ብዙ ከዋክብት። እነዚያን ከዋክብት የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ሳተላይት ጋያ በጥንቃቄ ለክቷቸዋል። ባለሙያው በእያንዳንዱ ኮከብ ዙሪያ ትንሽ ክብ ያስቀምጣል፤ ክቡ ውስጥ የገባውን ብርሃን ይደምራል፤ የባዶውን ሰማይ ብርሃን ከአጠገቡ ለክቶ ይቀንሳል፤ ከዚያ ያገኘውን ከጋያ ቁጥር ጋር ያስተያያል። ስስ ደመና ቢያልፍ ከዋክብቱም አስትሮይዷም አብረው ይደበዝዛሉ፣ ንጽጽሩ አይናጋም። ካሜራው ወደ ቀይ ብርሃን የሚያደላ ከሆነ ቀያዮቹ ከዋክብት ከሰማያዊዎቹ ለየት ብለው ይወጣሉ፤ ያ ማድላት ራሱ ይለካና ይታረማል። በዚያ ላይ አስትሮይድ የፀሐይን ብርሃን ስለሚመልስ ቀለሙ ከፀሐይ ብዙ አይርቅም። ለማወዳደሪያ የፀሐይን የመሰለ ቀለም ያላቸውን ከዋክብት ከመረጣችሁ የሚቀረው ስህተት ትንሽ ነው። ቺሊ ያለው ካሜራና ደቡብ አፍሪካ ያለው ካሜራ በዚህ መንገድ አንድ መለኪያ ላይ ይቀመጣሉ።

ጸሐፊው ጨርሰው ያላነሱት ሌላ ልዩነት አለ፤ ከካሜራውም በጣም ይበልጣል። አስትሮይዷ ትንቀሳቀሳለች። ከፀሐይም ከእኛም ያላት ርቀት እጥፍ ቢሆን ድምቀቷ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። በፀሐይ፣ በአስትሮይዷና በእኛ መካከል ያለው ማዕዘን በአንድ ዲግሪ ሲለወጥ ድምቀቱ በአብዛኛው ከ0.02 እስከ 0.04 ማግኒቲዩድ ይለወጣል፤ ማዕዘኑ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ደግሞ ከተጠበቀው በላይ ትፈካለች። ብርሃን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አስትሮይዷ ካለፈው ወር ይልቅ ርቃ ከሆነ የግራፉ ሰዓት ይዛነፋል፣ እሱም ይታረማል። ለማዕዘኑ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ1985 አንድ ቀመር አጸደቀ፤ በ2012 ደግሞ የተሻለ አጸደቀ። ይህ ሁሉ እርማት አንድ ቴሌስኮፕ ብቻውን ቢሠራም አይቀርም። «የተለያየ ቴሌስኮፕ» ስለሆነ የመጣ ጣጣ አይደለም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት ቦታ እዚህ ነው። አስትሮይድ ለመፈለግ የተሠሩ ቴሌስኮፖች ዋና ሥራቸው ለረጅም ጊዜ የአስትሮይዷን ቦታ መለካት ነበር፤ ድምቀቱ በግርድፉ ተያይዞ ይላካል። እነዚያ ግርድፍ ቁጥሮች በደንብ ሳይታረሙ ካታሎግ ውስጥ ገቡ። ቼካዊው ፔትር ፕራቬክና ባልደረቦቹ በ2012 ባወጡት ሥራ፣ ራሳቸው ለዓመታት በጥንቃቄ ከለኳቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ አስትሮይዶች ጋር ሲያስተያዩ፣ ካታሎጎቹ ትንንሾቹን አስትሮይዶች በአማካይ እስከ 0.4 እና 0.5 ማግኒቲዩድ አድምቀው እንደመዘገቧቸው አገኙ። ይህ ቀላል አይደለም። በድምቀት ብቻ መጠን ብትገምቱ 0.4 ማግኒቲዩድ ዲያሜትሩን በ20 በመቶ ያህል ያሳድግባችኋል። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው ቢከራከሩ ኖሮ ክርክራቸው ሚዛን ይደፋ ነበር። ግን ስህተቱ እንዴት እንደተያዘ ልብ በሉ፤ የሌላ ቴሌስኮፕ ልኬት ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ምንጩ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

«አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ ይበቃል»

ይህን የሚሉት ቺሊ ውስጥ ያለውን የቬራ ሩቢን ኦብዘርቫቶሪ (የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ) እያሰቡ ነው። ኦብዘርቫቶሪው ድንቅ ነው፤ እኔም በጉጉት ነው የምከታተለው። የመስታወቱ ስፋት 8.4 ሜትር ነው። በሰኔ 2025 የመጀመሪያ ፎቶዎቹ ሲወጡ በ10 ሰዓት ገደማ ልኬት ብቻ ከዚያ በፊት ያልታወቁ 2,104 አስትሮይዶችን አሳይቷል።

ነገር ግን ሩቢን የሚሠራው ሰፊ ሰማይ ለመሸፈን ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አንዲት አስትሮይድ ሌሊቱን ሙሉ አይከታተልም። ፎቶ ያነሳል፣ ያልፋል፣ ከጥቂት ሌሊት በኋላ ይመለሳል። ስድስት ፊልተር አለው፤ ዛሬ በአንዱ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው። እንግዲህ ሩቢን ብቻውን እንኳ የራሱን ልኬቶች ለማገናኘት ጸሐፊው «አይቻልም» ያሉትን ያንኑ እርማት መሥራት አለበት! ከ16 ማግኒቲዩድ አካባቢ በላይ የደመቁት ደግሞ ለዚያ ካሜራ ከመጠን በላይ ብሩህ ናቸው፤ ፒክስሎቹ ሞልተው ይፈሳሉ። እነዚያን የሚለካው ትንሹ ቴሌስኮፕ ነው። ጠፈር ላይ ያለው ዌብ ቴሌስኮፕም ቢሆን ወደ ፀሐይ አካባቢም ሆነ በትክክል ከፀሐይ ተቃራኒ ወዳለው ሰማይ አይዞርም፤ ከፀሐይ ከ85 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ክልል ብቻ ነው የሚያየው።

ከሁሉም የሚበልጠው ችግር ግን የምድር ቀንና ሌሊት ነው። ኢቶካዋ የተባለውን አስትሮይድ ውሰዱ። በ12 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ይዞራል። በ24 ሰዓት ሁለት ዙር ሊጨርስ 16 ደቂቃ ብቻ ይቀረዋል። ስለዚህ በነጋታው በዚያው ሰዓት ቴሌስኮፑን ስታዞሩ ያንኑ ፊት ነው የምታገኙት፣ በ16 ደቂቃ ብቻ ተንሸራቶ። በሌሊት 6 ሰዓት መለካት ብትችሉ፣ ያላያችሁትን ግማሽ በ16 ደቂቃ እየተራመዳችሁ ለመሙላት ከ20 በላይ ሌሊት ያስፈልጋችኋል፤ ያውም ደመና ሳይመጣ፣ ጨረቃ ሳትሞላ፣ አስትሮይዷም ርቃ ሳትደበዝዝ። የመስታወቱ ስፋት እዚህ ምንም አያደርግላችሁም። በደቡብ አፍሪካው ሰዘርላንድና በቺሊ ተራሮች መካከል ግን ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ያህል ነው። አንዱ ሊጨርስ ሲል ሌላው ይጀምራል። ሁለት መካከለኛ ቴሌስኮፖች በአንድ ቀን ዙሩን ሊሞሉት ምንም አይቀራቸው።

የዓመታትም ጉዳይ አለ። ቤኑ የተባለችው አስትሮይድ በ4.3 ሰዓት አንዴ ትዞራለች፤ ፀሐይ የምታሞቀው ገጽዋ ሙቀቱን መልሶ ሲለቅ በጣም ትንሽ ግፊት ስለሚፈጥር መሽከርከሯ ቀስ በቀስ እየፈጠነ ነው። ፍጥነቱ በ100 ዓመት ውስጥ የአንድ ዙሯን ጊዜ በ1 ሰከንድ ያህል ያሳጥረዋል። ይህ የተገኘው በ1999ና በ2005 ከምድር የተለካውን፣ በ2012 ከሐብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ከተለካው ጋር በማያያዝ ነው። ኋላ ኦሳይረስ ሬክስ መንኮራኩር እዚያው ደርሳ ስትለካ ፍጥነቱ ተረጋገጠ። ካሜራው ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ አንዱ ምድር ላይ፣ አንዱ ጠፈር ላይ። ቴሌስኮፖች ያረጃሉ፣ ይዘጋሉ፤ የፖርቶ ሪኮው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አሬሲቦ በ2020 ፈረሰ፣ ጋያ በ2025 መጀመሪያ ልኬቱን አቆመ። በ13 ዓመት ውስጥ የተከማቸ ቅንጣት ለውጥ ለማየት የአንዱን ልኬት ከሌላው ከማያያዝ ውጭ ምን መንገድ አለ?

ስለ አማተሮች የጻፉትን በአጭሩ ልለፍ። በግቢያቸው ባለ ትንሽ ቴሌስኮፕ የሚለኩ ሰዎች ጥሬ ቁጥራቸውን በተስማሙበት ቅርጸት ለሁሉም ክፍት አድርገው ያስቀምጣሉ። መጥፎ ሌሊት ካለ በመበታተኑ ይታወቃል፣ ክብደቱም በሒሳቡ ይቀነሳል። ሰውን በመሣሪያው ትንሽነት ማጣጣል አግባብ አይደለም።

«ቅርጹ የኮምፒውተር ፈጠራ ነው»

እዚህ ላይ ጸሐፊው የአሜሪካዊውን የሥነ ፈለክ ባለሙያ የሄንሪ ኖሪስ ራስልን የ1906 ሥራ ይጠቅሳሉ። ራስል ከድምቀት ብቻ ተነስቶ ቅርጽን መለየት እንደማይቻል አሳይቷል ይላሉ። ራስል በእርግጥ እንደዚያ ያለ ነገር አሳይቷል፤ ግን ያሳየው አስትሮይዷ ከፀሐይ በትክክል ተቃራኒ ሆና በምትታይበት ሁኔታ ብቻ ለሚለካ ድምቀት ነው። ያኔ ሙሉ ብርሃን ያርፍባታል፣ ጥላ የለም፣ መረጃው ደሃ ነው። ከጎን ስትበራ፣ ጥላዋ ሲወድቅ፣ በተለያዩ ዓመታት ከተለያየ አቅጣጫ ስትታይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፊንላንዳዊው ሚኮ ካሳላይነንና ባልደረቦቹ በ2001 ያወጡት ዘዴ ይህንን ተጠቅሞ የመዞሪያ ዘንጉን፣ ጊዜውንና ጉብ ያለ ቅርጹን አብሮ ያወጣል። ያ ዘዴ እንዲሠራ የዓመታት ልኬት ያስፈልጋል፤ ያ ማለት ደግሞ ብዙ ቴሌስኮፕ ማለት ነው።

ዘዴው ወሰን አለው፤ ባለሙያዎቹም አይደብቁትም። ጎድጓዳ ቦታዎችን በላያቸው እንደተወጠረ ጨርቅ አለስልሶ ያልፋቸዋል። የኢቶካዋ ቀጭን አንገት ሃያቡሳ መንኮራኩር በ2005 ደርሳ ስታሳየን ነው የታወቀው። የመዞሪያ ዘንጉ አቅጣጫና የሞላላነቱ ነገር ግን አስቀድሞ ከድምቀት ተሰልቶ ነበር፤ ሃያቡሳም አጸናችው።

ለእኔ ከሁሉም የሚያሳምነኝ የሉቴሺያ ጉዳይ ነው። ሉቴሺያ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነች አስትሮይድ ናት። ሮዜታ መንኮራኩር በሐምሌ 2010 በአጠገቧ አለፈች። ከዚያ በፊት የተለያዩ ቴሌስኮፖች የድምቀት ግራፎችና ከትልልቅ የምድር ቴሌስኮፖች የተነሱ ጥርት ያሉ ፎቶዎች ተጣምረው የቅርጽ ሞዴል ተሠርቶ ነበር። የሮዜታ ፎቶዎች ሲመጡ ሞዴሉ በዲያሜትር 2 በመቶ ያህል፣ በመዞሪያ ዘንግ አቅጣጫ 2 ዲግሪ ያህል ነበር የተሳሳተው። ፈጠራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይገጥምም። መንኮራኩሯ ከመሄዷ በፊት ተጽፎ የተቀመጠ ትንበያ ነው፤ ከዚህ የከበደ ፈተና ምን ይኖራል?

ጋያም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። በ2022 የወጣው መረጃው ከ150 ሺህ በላይ አስትሮይዶችን ይዟል፤ ለእያንዳንዱ ልኬቱ ጥቂት ቢሆንም ጥራቱ ግሩም ነው። ዮሴፍ ዱሬክና ዮሴፍ ሃኑሽ ከዚያ ተነስተው ለ8,600 ገደማ አስትሮይዶች የመሽከርከር ሁኔታ አወጡ። ቀድሞ ከምድር ቴሌስኮፖች ከታወቁት ጋር ሲያስተያዩት በአብዛኛው ገጠመ። ሁለት የማይገናኙ ምንጮች አንድ መልስ ሰጡ ማለት ነው።

«የዳርት 33 ደቂቃ ከተመረጠ መረጃ የወጣ ነው»

ይህ ነጥብ አናዶኛል፣ አልደብቅም። ከባድ ክስ ነው፤ ማስረጃ አልቀረበበትም።

ምን እንደሆነ እናስታውስ። ዲዲሞስ 780 ሜትር ገደማ የሆነች አስትሮይድ ናት፤ ዲሞርፎስ የምትባል 160 ሜትር ያህል የሆነች ጨረቃ ትዞራታለች። ዳርት መንኮራኩር በመስከረም 26 ቀን 2022 ሆን ብላ ዲሞርፎስ ላይ ተከሰከሰች። ጥያቄው ጨረቃዋ ዲዲሞስን የምትዞርበት ጊዜ ምን ያህል ተለወጠ የሚል ነበር። ከምድር ሲታዩ ሁለቱ ተደርበው አንድ ነጥብ ናቸው። ታዲያ እንዴት ይለካል?

ዲሞርፎስ በዲዲሞስ ፊት ስታልፍ ወይም ከኋላዋ ስትደበቅ የነጥቧ ድምቀት ይቀንሳል። የጨረቃዋ ገጽ ስፋት ከትልቋ 4 በመቶ ገደማ ስለሆነ ቅነሳው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ዲዲሞስ ራሷ ደግሞ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ እየዞረች ድምቀቷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች። ስለዚህ መጀመሪያ የዲዲሞስ የራሷ ውጣ ውረድ ይለያል፤ ከጠቅላላው ይቀነሳል። የሚቀረው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ በመስመሩ ላይ አልፎ አልፎ ትንንሽ ጉድጓዶች ይታያሉ። ከአንዱ ጉድጓድ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ጉድጓድ ያለው ጊዜ የጨረቃዋን ዙር ይሰጣል። አንድ ጉድጓድ ያመለጠው ቴሌስኮፕ ቀጣዩን ተመሳሳይ ጉድጓድ ለማየት ግማሽ ቀን ያህል መጠበቅ ሊኖርበት ነው፤ ያኔ ደግሞ እሱ ጋ ነግቷል። በተለያየ አህጉር ያሉ ቴሌስኮፖች ካልተቀባበሉ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ከግጭቱ በፊት ዙሩ 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ነበር። ይህ ከ2003 ጀምሮ፣ ጨረቃዋ ከተገኘችበት ጊዜ አንስቶ፣ በብዙ ቴሌስኮፖች የተለካ ነው፤ ሁለት አሥርት ዓመት ሲያያዝ ስህተቱ ከአንድ ሰከንድ አይበልጥም። ከግጭቱ በኋላ 11 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ሆነ። በጥቅምት 2022 መጀመሪያ የተነገረው ለውጥ 32 ደቂቃ ሲሆን፣ 2 ደቂቃ ወዲህ ወይም ወዲያ ሊል እንደሚችል አብሮ ተገልጿል። ተጨማሪ ልኬት ሲመጣ ወደ 33 ደቂቃ ተስተካከለ፣ የስህተቱ ክልልም ወደ 1 ደቂቃ ጠበበ። ጸሐፊው 32 መባሉን ከዚያም 33 መሆኑን እንደ ቅሌት አቅርበውታል፤ ሁለተኛው ቁጥር ግን የመጀመሪያው ራሱ ባስቀመጠው ክልል ውስጥ ነው ያረፈው።

ስለ «ተመረጠ» ደግሞ፦ ትንተናው በሁለት የተለያዩ አካሄዶች ተሠርቶ ተመሳሳይ መልስ ሰጥቷል። ከዚያ በላይ አሜሪካ ውስጥ ባሉት በጎልድስቶንና በግሪን ባንክ የሬዲዮ ቴሌስኮፖች የተገኘው የራዳር መረጃ አለ። ራዳር የፀሐይ ብርሃን ነፀብራቅ አይለካም፤ የራሱን የሬዲዮ ሞገድ ልኮ የተመለሰውን ይለካል። ፊልተር፣ የቀለም ማድላት፣ ደመና የሚባል ችግር አያገኘውም። እሱም ተስማማ። ተልዕኮው ተሳካ ለማለት የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርት የ73 ሰከንድ ለውጥ ነበር። የካሜራ አለመጣጣም 33 ደቂቃ ሊፈጥር አይችልም።

«2024 ዋይአር4 ያስደነገጠን ድምቀት ስለተቀየጠ ነው»

ይህ ጨርሶ የተምታታ ነው። በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ በቺሊው አትላስ ቴሌስኮፕ የተገኘችው ይህች አስትሮይድ በ2032 ምድርን የመምታት ዕድሏ በየካቲት 18 ቀን 2025 3.1 በመቶ ደርሶ ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ወደ ዜሮ ተጠጋ። ያ በመቶኛ የሚሰላው ከቦታ ነው። አስትሮይዷ በከዋክብት መካከል የት እንደነበረች እየተለካ ምህዋሯ ይሰላል። ድምቀት በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም። ከድምቀት የመጣው ሌላ ነው፦ በ19 ደቂቃ ተኩል ገደማ አንዴ እንደምትዞር፣ መጠኗም ከ40 እስከ 90 ሜትር እንደሚሆን። ክልሉ የሰፋው ካሜራዎቹ ስላልተስማሙ ሳይሆን ገጽዋ ጥቁር ይሁን ነጣ ያለ ስላልታወቀ ነው። ትንሽና ነጣ ያለ ድንጋይ ከትልቅና ጥቁር ድንጋይ ጋር እኩል ሊደምቅ ይችላል። ዌብ ቴሌስኮፕ ከገጽዋ የሚወጣውን ሙቀት ለክቶ 60 ሜትር ገደማ ሲል፣ በድምቀት በተገመተው ክልል ውስጥ ነው የወደቀው። ጸሐፊው ሌላውን ሁሉ ቢተዉት እንኳ ይህን አንቀጽ ቢያርሙት ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው ያጋራው እሱን ነውና።

«እኛን አይመለከትም»

ይህን በምን ማስረጃ እንዳሉት አልገባኝም። እንጦጦ ላይ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። አንድ ሜትር ለዚህ ሥራ ትንሽ አይደለም፤ አትላስ በዓለም ዙሪያ የሚጠቀመው ግማሽ ሜትር ነው። ቦታውም ያስፈልጋል። ኬንትሮሱ 39 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ነው፤ ሰዘርላንድ 21 ላይ፣ የሕንዱ ሃንሌ ኦብዘርቫቶሪ 79 ላይ ናቸው። መሃል ላይ ሰፊ ክፍተት አለ። ከምድር ወገብ በ9 ዲግሪ ብቻ ስለሚርቅም የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ያያል። ክረምት ላይ ደመና አለ፣ የአዲስ አበባ መብራትም ይረብሻል፤ እውነት ነው። ነገር ግን አስትሮይዷን በዚያው ፎቶ ውስጥ ካሉ ከዋክብት ጋር ማወዳደር የከተማ ብርሃንን ከብዙ ሌላ ሥራ በተሻለ ይቋቋማል፤ አብዛኛውን ረብሻ ያንኑ የሰማይ ብርሃን ለክቶ በመቀነስ ያልፈዋል።

ጊዜውም ቅርብ ነው። በሚያዝያ 13 ቀን 2029፣ በእኛ ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ 340 ሜትር ገደማ የሆነችው አስትሮይድ አፖፊስ ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ታልፋለች። ያለ ምንም ስጋት ታልፋለች፤ በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በምዕራብ እስያ ያለ ሰው ሰማዩ ከጠራለት ያለ ቴሌስኮፕ በዓይኑ ሊያያት ይችላል። አፖፊስ በአንድ ዘንግ ላይ በሥርዓት አትዞርም፤ እየተንገዳገደች ነው የምትሽከረከረው። ይህ የታወቀው ከታኅሣሥ 2012 እስከ ሚያዝያ 2013 ከተለያዩ ቴሌስኮፖች በተሰበሰበ ድምቀት ነው፤ ከሁለቱ እንቅስቃሴዎቿ አንዱ 27 ሰዓት ተኩል ያህል፣ ሌላው 263 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንዲህ ያለው ግራፍ በየዙሩ ራሱን አይደግምም፤ አንድ ቦታ ቆሞ መፍታት ከባድ ነው። የምድር ስበት በሚያዝያ 2029 ይህን እሽክርክሪት እንደሚለውጠው ይጠበቃል። ምን ያህል እንደለወጠው ለማወቅ ከማለፏ በፊትም በኋላም በሁሉም ኬንትሮስ ላይ ያሉ ቴሌስኮፖች መለካት አለባቸው፤ ከሰዘርላንድ እስከ ሃንሌ ባለው ክፍተት ውስጥ ደግሞ ሁለቱ የእንጦጦ ቴሌስኮፖች አሉ።